የሙሾው ድምፅ በየት ይውጣ

እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን፣ ከጎንደር ወዲያ፣ ድብ ባሕር፣ በእኅቴ ግቢ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ተቀመጥሁ። ፊቴ አንድ ላፕቶፕ ነበር። ከላፕቶፑ አንዱ ገመድ በመስኮት ገብቶ ሴቶች ወደተቀመጡበት ቤት፣ እዚያ ወዳለው ቴሌቪዥን ይሄዳል። ሌላው በግቢው አፈር ላይ ተዘርግቶ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ በየርምጃው በድንጋይ ተይዞ፣ ካህናቱና ወንዶቹ ወዳሉበት ድንኳን ይሄዳል። ድንኳኑ ውስጥም ቴሌቪዥን አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር ደግሞ ከጎንደር በኪራይ ያመጣነው ሞንታርቦ ተያይዟል። የእናቴ ቀብር ፊልም ሲታይ ድምፁ ማን ዘንድ እንደሚሰማ፣ ማን ዘንድ እንደማይሰማ የምወስን እኔ ነበርሁ። በዚያ ቀን ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ። እዚህ የምጽፈው እሳቸው ያልጠየቁኝን ዝርዝር ነው።

ኑሮዬ ድሬዳዋ ነው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ አዘጋጃለሁ፤ ስክሪኑን፣ ስፒከሩን፣ ማይኩን። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ገመድ መሰካት ይመስላል። ምስል ታዛዥ ነው፤ ወደ ላክኸው ስክሪን ሄዶ ይቀመጣል። ድምፅ ግን አመለኛ ነው። አዲስ ስክሪን በተሰካ ቁጥር ኮምፒውተሩ የቀድሞውን ስፒከር ይተውና ድምፁን ለመጨረሻው እንግዳ ይሰጣል። ሃምሳ ሰው ተቀምጦ፣ ምስሉ ግድግዳው ላይ እየሄደ፣ ድምፁ ጓዳ ባለች አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ሲንሾካሾክ ይገኛል። ስለዚህ እኔ ሁሉንም ቀድሜ እሞክራለሁ፣ ስም እሰጣለሁ፣ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ከዚያም አማትቤ እጀምራለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት አዳራሽ ውስጥ ተሳስቼ ሰው ፊት አላፈርሁም።

እናቴ መሞቷን የሰማሁት በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው።

እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለሩቅ ሰው በስልክ አይነገርም። ሰው ይላካል፤ ማለዳ በር ይንኳኳል፤ የመጡትን ፊት ሲያዩ ይገባል። ይኸን አውቃለሁ፤ በሌላው ላይ ሲሆን ደጋግሜም ሄጃለሁ። ግን እኅቴ አዘገየችው። የቀብሩ ለት ሰዎች፣ “ለእሷስ እንንገራት?” ቢሉ፣ “ተዉአት፣ እኔ ስል ይነገራታል” ብላ ነበር። በሞተች በማግሥቱ ሳላውቅ ደውያለሁ። “ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም” አለችኝ። በአራተኛው ቀን ደገምሁ። “ዛሬ ሸጋ ናት። ተኝታለች” አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ጧፍ ገዝቼ፣ ለጤናዋ ስእለት ገባሁ። ለተቀበረች እናቴ ጤና ለመንሁ። ከድሬዳዋው ደብራችን አራት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ሲቆሙ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐዘኑ አልነበረም። “ተኝታለች” ያለችኝ ድምፅ ነበር።

ድብ ባሕር የደረስሁት ተዝካሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከእኅቴ ጋር ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ እሷ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ቆምሁ።

እኅቴ ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። እናቴን ሰባት ዓመት አስታማለች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት እናቴ ሰው አትለይም ነበር፤ ምሳ በልታ ምሳ ትጠይቃለች፣ በሯን ወጥታ በሯን ትፈልጋለች። በትንሽ ከተማ ሽማግሌ የሚያስታምም ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ አንዱ ማስታመም፣ ሁለተኛው ሳይበድል ማስታመሙን ሰው እንዲያምን ማድረግ። እኅቴ ላይ ሹክሹክታ ነበረባት። አንዳንዱ፣ “አሮጊቷን ዘጋችባት” ይል ነበር። ተዝካሩን ያን ያህል ያሰፋችው፣ የቀብሩንም ፊልም ለሕዝብ ላሳይ ያለችው ለዚህ ነው። “እንዴት ያለ ሸጋ ቀብር እንደቀበርኋት ሰው ይይልኝ። ከዚያ በኋላ አፉን ይዝጋ” አለችኝ። ስሟ በዚያ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቅ ነበር።

ችግሩ ፊልሙ ሁለት ነገር ነበረበት። ግማሹ ፍትሐት ነው፤ ካህናት፣ ዜማ፣ ጽናጽል። ግማሹ ሙሾ ነው። የእናቴ ወንድም፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ፣ ነገሩን ሲሰማ በትሩን መሬት ላይ መታ።

“ሙሾ በካህናት ፊት? ‘እንደ አሕዛብ አታልቅሱ’ እያሉ በየዕለቱ ሲገሥጹን፣ በተዝካራችን ሞንታርቦ ከፍተን ልናሳያቸው ነው?”

“አያ፣ ሴቶቹስ? ሙሾው ካልተሰማ ቀብር ምኑን ቀብር ሆነ?” አለች እኅቴ።

እሱም አሰበና ፈረደ። “ፍትሐቱ ለድንኳኑ፣ ሙሾው ለቤቱ። አንች ልጄ፣ ይኸ መሣሪያሽ እንዲህ ያለውን ይችላል?”

“ይችላል፣ አያ። ምስሉን ለሁለቱም ልተወው፣ ድምፁን ብቻ ላዛውረው። ግን በሙሾው ሰዓት ምስሉ ድንኳኑም ውስጥ ይታያል።”

“ምስሉ ምን ያደርጋል? አፉን ከፍቶ ድምፅ ያላሰማ ሰው ኃጢአት የለበትም።”

“እንዲያ ከሆነስ እኔ ጻድቅ ነኝ” አለ የእኅቴ ባል። “በዚህ ቤት አፌን ከፍቼ ድምፅ ካሰማሁ ስንት ዘመኔ!” ሁላችንም ሳቅን። እኅቴም ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከባልየው ጋር ጎንደር ወረድን። ፒያሳ ካሉ ሱቆች ረጅም የኤችዲኤምአይ ኬብል፣ አንድ አዳፕተርና ሞንታርቦ ይዘን፣ በሚኒባስ ስንመለስ ገመዱን ጭኔ ላይ ጠቅልዬ ነበር።

“ምነው ይኸ ሁሉ ገመድ? በሬ ልታስሪ ነው?” አለኝ። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ግን ቀልዱን ተወና፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ የበሩን ነገር አነሣ። እናቴ እየወጣች አስፓልቱ ላይ ትቆም እንደነበር ነገረኝ። አባታችን ከገበያ ይመጣል ብላ። አባታችን ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን የጭነት ማኪና የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ጎትቶ አዙሮ ጥሏታል። “ከዚያ ወዲህ እኅትሽ እንጨት ለመልቀምም ስትወጣ ከውጭ ትቆልፋለች። ቆልፋ እየሮጠች ሄዳ፣ እየሮጠች ትመለሳለች። እኔ እንኳ ተይ ብያት ነበር፣ ሰው ያወራል ብዬ። ‘ያውራ፣ ከአስፓልት ከምለቅማት’ አለችኝ።”

ይኸን ሰምቻለሁ። ሳላውቅ አደረግሁት እንዳልል ነው የምጽፈው።

ከሰዓት በኋላ ሙከራ አደረግሁ። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች አንድ ዓይነት ስለነበሩ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዓይነት ስም ሁለት ጊዜ ተጻፈ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ነቀልሁ፣ የቀረውን “ቤት” ብዬ ሰየምሁ፤ የነቀልሁትን መልሼ ሰክቼ “ድንኳን” አልሁት። ሦስተኛው የራሴ የጆሮ ማዳመጫ ነበር፤ እሱን “ጆሮ” ብዬ ጻፍሁ። ሙሾውን በ“ቤት” ከፍቼ ሳለሁ መብራት ብልጭ አለ። የቤቱ ቴሌቪዥን ጠፋ፣ ኮምፒውተሩም ማንንም ሳይጠይቅ ድምፁን ወደ ድንኳኑ ወሰደው። ሞንታርቦው የሴት ልቅሶ በድንገት ሲለቅ፣ ካስማ የሚመቱት ወንዶች መዶሻቸውን ጥለው ወጡ። አንዱ፣ “አያ፣ አሁንስ ማን ሞተ?” ብሎ ጮኸ። አያም ከበረንዳው፣ “እንዲህ ሁናችሁ ካስማ ከመታችሁ ነገ እኛው ነን፣ ድንኳኑ ወድቆብን!” አለ። ሁሉም ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ ሊሄድ እንደሚችል በዚያ ሰዓት አየ። እኔም እንዳዩ አየሁ።

ሴቶቹ ድንች ሲልጡ እኔ ጥግ ይዤ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፊልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት። የትኛው ደቂቃ ፍትሐት፣ የትኛው ሙሾ እንደሆነ ወረቀት ላይ ልጽፍ ነው። እኅቴ ራሷን ስታ ሴቶች ደግፈው ወደ አጥሩ ሲወስዷት አየሁ። ካሜራው እሷን አልተከተለም፤ ወደ አባቴ እኅት ዞረ። አክስታችን በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእኅቴ ጋር አይነጋገሩም፤ እናቴን ጠበል ልውሰዳት ብላ፣ እኅቴ መንገዱን አትችለውም ብላ ስለከለከለቻት። ለካሜራው በጣም ቀርባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች።

ደጁ በውጭ በኩል ተቆልፎ እያለ፣
ውኃ ስጡኝ ስትል ግድግዳው ምን አለ።

ወልዳ እንዳልወለደች ብቻዋን ተኝታ፣
ቁልፍ ያዥ አገኘች በርጅናዋ ለታ።

በዚያ ቀን ዙሪያዋ የነበሩት አምስት ስድስት ሴቶች ናቸው፤ እነሱም እያለቀሱ ስለነበር ምን ያህሉን እንደሰሙ እንጃ። ካሜራው ግን አንድ ቃል አልጣለም። ቆርጬ ላወጣው አሰብሁ፤ ፊልሙ ግን የመጣው ባለካሜራው ማንም እንዳይነካካው አድርጎ ዘግቶት ስለነበር፣ የመቁረጫ ፕሮግራምም ስላልነበረኝ ተውሁት። ሌላ መላ ነበረኝ። ያ ቦታ ሲደርስ፣ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ድምፁን ወደ “ጆሮ” እወስደዋለሁ። ቤቱም ድንኳኑም ዝም ይላል፣ ሴቶቹ ምስሉን እያዩ ያለቅሳሉ፣ ያን ግጥም የምሰማው እኔ ብቻ እሆናለሁ። ወረቀቴ ላይ ከደቂቃው ጎን “ጆሮ” ብዬ ጻፍሁና በእስክሪብቶ ሁለቴ አሰመርሁበት። እኅቴን ልጠብቃት ወስኜ ነበር። ይኸም እውነት ነው።

የተዝካሩ ለት ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ከመቃብሯ ጸሎት ተደርሶ ተመለስን። ሰው ከጠበቅነው በላይ መጣ። ድንኳኑ ሞልቶ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ተቀመጠ። ሹክሹክታ ሲያመላልሱ የነበሩትም መጥተው እየበሉ ነበር፤ እኅቴ በመካከላቸው በምታልፍበት ጊዜ፣ “እግዜር ይስጥሽ፣ ነፍስ ይማር፣ ሸጋ አድርገሽ አወጣሽላት” ሲሏት ሰምቻለሁ። ፊቷ ፈክቶ ነበር። አክስታችን አልመጣችም።

እኅቴ የጠላውን ማሰሮ ይዛ ወደ ድንኳኑ ስታልፍ በረንዳው ላይ ቆመች። ወረቀቴን አየች። በመስኮቱ በኩል ሴቶቹ ተደርድረው ያዩናል።

“ምነው ይኸ ሁሉ ጽሕፈት? ሙሾ ልታወርጅ ነው ወይስ ፈተና ልትቀመጭ?”

ሴቶቹ ሳቁ።

“እንዳልሳሳት ነው፣ እታለም።”

“አንች መቼ ተሳስተሽ! አሥራ አንድ ዓመት ሳትሳሳች ነው ሩቅ የተቀመጥሽው። ሽንት የሚጠርግ ሰው ነው የሚሳሳት።”

ዝም ማለት እችል ነበር። የጸሎት መጽሐፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ያን ጠዋትም ስለ ትዕግሥት አንብቤበታለሁ። “ብትነግሪኝ ለቀብሯ እደርስ ነበር” አልኋት። “ደውዬ ተኝታለች አልሽኝ።”

“ደርሰሽ ምን ልትሠሪ? ገመድ ልትዘረጊ?” አንዲት ሴት በመስኮቱ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኅቴ ማሰሮውን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረች፤ ቀና ብላም አየችኝ። “እንግዲህ ከጠየቅሽኝ ልንገርሽ። በመጨረሻ ሳምንቷ ሁሉን ጠርታለች። አባታችንን ጠርታለች። ጎረቤት ጠርታለች። ሸጠን የበላነውን በሬ ሳይቀር በስሙ ጠርታለች። አንችን አልጠራችም። አንድ ቀን እንኳ።”

ይህን ብላ ማሰሮዋን ይዛ ወደ ድንኳኑ ሄደች። እውነት ይሁን ወይስ ልታሳርረኝ ብላ የተናገረችው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አያ ከድንኳኑ በር እጁን አነሣልኝ፤ ጀምሪ ማለቱ ነው። ፊልሙን ከፈትሁ። ፍትሐቱ በሞንታርቦው ወጣ። ካህናቱ ምግባቸውን ይዘው ራሳቸውን ሲያዩ ተገረሙ፤ አንዱ ዲያቆን ለወዳጁ፣ “ድምፅህ ከአንተ ይሻላል” ሲለው ሰማሁ። ፍትሐቱ አለቀ። ድምፁን ከ“ድንኳን” ወደ “ቤት” መለስሁት። ድንኳኑ ዝም አለ፣ ወንዶቹም ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ከሙሾው ጋር ማልቀስ ጀመሩ። ሁሉም እንደወረቀቴ ሄደ። ሰው እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የሚሄድ ሥራ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እኔም በዚያ ሁሉ መካከል ደስ ያለኝ ቦታ ነበር።

ከዚያ ካሜራው ከእኅቴ ወደ አክስታችን ዞረ።

ጣቴን ሦስቱ ስሞች ላይ አወረድሁ። ቤት። ድንኳን። ጆሮ። ቀና ብዬ በድንኳኑ በር አየሁ። እኅቴ ከካህናቱ ፊት ጎንበስ ብላ ለአንድ አረጋዊ ቄስ ጠላ እየቀዳች ነበር። ሥራ ስጀምር አማትቤ ነው የምጀምረው ብያለሁ። ያን ጊዜ አላማተብሁም። “ድንኳን” የሚለውን ተጫንሁ። ድምፁ ካሜራው ዝቅ አድርጎ የያዘው ስለነበር፣ ከፍ አደረግሁት። ይኸን ማንም አልጠየቀኝም፣ የንስሐ አባቴም አልጠየቁኝም። ከፍ አደረግሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ድንኳኑን አልፈው አስፓልቱ ድረስ ተሰሙ። ወሬው ተቋረጠ። ማንም ግራ አልተጋባም፤ ቁልፉ ማን እጅ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። አያ፣ “አጥፊው! አንች ልጅ፣ አጥፊው!” እያለ በትሩን ይዞ ወደ በረንዳው መጣ። እኔም የማጠፋበትን የምፈልግ መሰልሁ። አንዱን ገመድ ያዝሁ፣ ለቀቅሁ፣ ወረቀቴን ገለበጥሁ። የማጠፊያው ቁልፍ አውራ ጣቴ ሥር ነበር። ሁለተኞቹ ሁለት ስንኞች እስኪያልቁ ጠበቅሁና አጠፋሁት።

“መብራቱ ብልጭ ብሎ ነው፣ አያ” አልሁት። “እንደትናንትናው። ኮምፒውተሩ ራሱ ቀየረው።”

“አየህ! ትናንትም እንዲሁ ነው ያደረገው” አለ ካስማ ሲመታ የነበረ አንድ ሰው። ሌላውም መሰከረ። እንዲህ ያለ ብዙ ምስክር ለእውነትም አይገኝ።

እኅቴ ከድንኳኑ መካከል ማሰሮውን እንደያዘች ቆማለች። የተቀዳላቸው አረጋዊ ቄስ ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ አድርሰው ነበር፤ ሳይቀምሱ መልሰው አስቀመጡት። ክፉ ቃል አልተናገሩም። ተነሡ፣ “ነፍስ ይማር” አሉ፣ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ከእሳቸው በኋላ ሌላው ተነሣ። ከዚያ ሦስት አራቱ ባንድ ላይ። የተቆጣ ሰው አልነበረም፣ የጮኸም አልነበረም። ሁሉም እጁን እያበሰ፣ “ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር” እያለ በእኅቴ ጎን አለፈ፤ ፊቷን ያየ ግን የለም። ድንኳኑ ባዶ ሲሆን፣ አግዳሚዎቹ ሥር ሙሉ ብርጭቆ ተደርድሮ ቀረ። በአገራችን ለነፍስ የቀረበ ጠላ ሳይጠጣ ተትቶ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ለማንም አያስረዳም።

እኅቴ ጎንበስ ብላ የየብርጭቆውን ጠላ አንድ በአንድ ወደ ማሰሮው መለሰች። ልረዳት ሄድሁ። “ተይው” አለችኝ።

በማግሥቱ፣ እኔ ገመዱን ስጠቀልል፣ መጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

“ሴቶቹን ጠየቅኋቸው” አለች። “የቤቱ ቴሌቪዥን አልጠፋም። ስዕሉ እንዳለ ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው የሄደ አሉኝ። በሙከራው ቀን ግን ስዕሉም ጠፍቶ ነበር። አይቼዋለሁ።”

ገመዱን መጠቅለሌን ቀጠልሁ።

“ባሌ ስለ አስፓልቱ ነግሮሻል። እሱንም ጠየቅሁት።”

“ነግሮኛል።”

“እያወቅሽ።”

“እያወቅሁ፣ እታለም።”

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ስለ ሥራ እንደምትነጋገር ሰው በእርጋታ ተናገረች። “እኔ ብናገር ማንም አያምነኝም። እኅቷ ላይ ልታላክክ ነው ይላሉ። አንች ግን ቁም ነገረኛ ነሽ፣ ጸሎተኛ ነሽ፣ ሩቅ ነሽ፤ አንችን ያምናሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁሚ። ሁለት ነገር በይ። ‘ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት’ በይ። ‘የቆለፈችው ለማኪናው ነው’ በይ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይቅርታሽንም አልፈልግም።”

“እሺ” አልኋት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቲኬቴ የቅዳሜ ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ የምለውን በልቤ ስደጋግም ዋልሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። የሚያዩኝን ሰዎች ሁሉ በፊቴ አስቀመጥሁ፤ አያን፣ አረጋዊውን ቄስ፣ “ሸጋ ልጅ፣ የተባረከች” እያሉ በልጅነቴ ለሰው ያሳዩኝ የነበሩትን ሴቶች። ቅዳሜ ማለዳ እኅቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሻንጣዬን ይዤ አስፓልቱ ላይ ቆምሁ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር፣ ከዚያ አዘዞ፣ ከዚያ አውሮፕላን። ቲኬቱ ይቀየር ነበር። የቲኬት መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ራሷ፣ ዐይኔ ማበጡን አይታ፣ “ለሌላ ቀን ላዙርልዎት?” ብላኛለች። “አይ፣ ዛሬ ይሁንልኝ” አልኋት።

ለንስሐ አባቴ የተናገርሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስግደት እጠብቅ ነበር፣ ጾም እጠብቅ ነበር። ሁለቱንም በደስታ እወስድ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ቅጣት እችላለሁ። እሳቸው ግን፣ “እኅትሽ ያለችሽን አድርጊ። ከዚያ መጥተሽ ስለ ቀሪው እንነጋገራለን” አሉኝ። ሥራ አለብኝ አልኋቸው። “እግዚአብሔርም ሥራ አለበት” አሉኝ።

መላ ያገኘሁ መሰለኝ። አዳራሹ ባዶ በሆነ ቀን በጥሩ ማይክ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ቀረጽሁ። ማቃሰቴን ቆርጬ አወጣሁ፣ ድምፄን አስተካከልሁ። ጥርት ያለ ሆነ። ከዚያ ለእኅቴ ደወልሁና፣ ፋይሉን ለባሏ ስልክ እንደምልክ፣ ከደጀ ሰላሙ ላይ በሞንታርቦ ቢያሰሙት ሕዝቡ ሁሉ እንደሚሰማኝ፣ እኔ ቆሜ ከምናገረው እንዲያውም ይበልጥ እንደሚሰማ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

“ድምፅሽን አልጠየቅሁሽም” አለችኝ። “እግርሽ ይምጣ።” ስልኩንም ዘጋችው።

ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አልሄድሁም። ስለ እሷ የምሰማው ከባሏ ነው፤ እሱ ቀልዱን ትቷል። እንደነገረኝ፣ በደብራቸው ሴቶቹ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ሲካፈሉ ለእሷ ይሰጧታል፤ ማንም ግን ወደ እሷ ጠጋ ብሎ አይቀመጥም። ስለዚህ አሁን እሑድ እሑድ ሌላ ደብር ትሄዳለች። በእግር የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው፤ ዳገት አለው፣ ጉልበቷም ያማታል። ጨለማ ሳለ ነው የምትወጣው፤ ሰው መንገድ ላይ እንዳያገኛት።